አንድ «ኛ»፣ አምስት ምርጫ፦ የእንግሊዝኛን የተራ ቁጥር በዓረፍተ ነገር ውስጥ እንዴት እንምረጥ?

አማርኛ በዚህ ጉዳይ ቸር ነው። ከቁጥሩ ኋላ «ኛ» ለጠፍ ማድረግ ነው፣ አለቀ። ሦስተኛ ገጽ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሦስተኛ ልጅ፣ ለሦስተኛ ጊዜ፣ ከውድድሩ ሦስተኛ። አንዲት ፊደል ሁሉንም ትሸከማለች። እንግሊዝኛ ላይ ስንደርስ ግን ይኸው «ሦስተኛ» አንዴ «ዘ ሰርድ» ይሆናል፣ አንዴ «ኤ ሰርድ»፣ አንዴ ባዶውን «ሰርድ»። አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ «ኛ»ውን ጥሎ «ስሪ» ብቻ ሆኖ ቁጭ ይላል።

የምንሳሳተው ቃሉን ስለማናውቅ አይደለም። «ፈርስት፣ ሰከንድ፣ ሰርድ» ብሎ መቁጠር የሚያቅተው ተማሪ እምብዛም የለም። ችግሩ አማርኛ ላይ መርጠነው የማናውቀውን ነገር እንግሊዝኛ ምረጡ ማለቱ ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ከሰዋስው ትምህርት ይልቅ እንደ ዕቃ ምርጫ አስቡት። መጀመሪያ መለኪያ፣ ከዚያ እያንዳንዱን አማራጭ ገልበጥ አድርጎ ማየት።

ስለ አጻጻፌ አንድ ነገር። ምላስ በጥርስ መሃል ገብቶ የሚወጣው የእንግሊዝኛ ድምፅ በፊደላችን የለም። እኔ «ስ» ወይም «ዝ» እያልኩ እጽፈዋለሁ። ስታወሩ ግን ምላሳችሁን ብቅ አድርጉት።

ከመምረጥ በፊት አራት ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል፦ እየቆጠርኩ ነው ወይስ ስም እየጠራሁ? በር ላይ 12 የሚል ቁጥር ተለጥፎ ካየሁ ያ ቁጥር የክፍሉ ስም ነው። ከመግቢያው ጀምሬ አንድ፣ ሁለት እያልኩ አሥራ ሁለት ላይ ከደረስኩ ግን ቆጥሬያለሁ። አማርኛ ሁለቱንም በ«ኛ» ሊያልፋቸው ይችላል። እንግሊዝኛ ይለያያቸዋል።

ሁለተኛው፦ ሰሚው የትኛውን እንደምል ያውቃል? የታወቀና አንድ ብቻ የሆነ ነገር ከሆነ «ዘ» ይመጣል። ተጨማሪ፣ ገና ያልታወቀ ነገር ከሆነ «ኤ»።

ሦስተኛው፦ ቁጥሩ የተጠጋው ለዕቃ ወይም ለሰው ነው ወይስ ለድርጊት? «አንደኛው ሯጭ» እና «አንደኛ ወጣ» እኛ ዘንድ ወንድማማች ናቸው። እዚያ ግን አለባበሳቸው የተለየ ነው።

አራተኛው፦ የሚጻፍ ነው ወይስ የሚነገር? ደግሞስ ለእንግሊዝ አንባቢ ነው ወይስ ለአሜሪካ? ይህ ቀን ስንጽፍና ፎቅ ስንጠራ ዋጋ ያስከፍላል።

አማራጭ አንድ፦ «ዘ ሰርድ» ከስም በፊት

ይህ ዋናው ነው። ግራ ሲገባችሁ የምትይዙት እሱን ነው። «ዘ ሰርድ ክዌስችን» ማለት ሦስተኛው ጥያቄ ማለት ነው። በተራ የተደረደረ ነገር አለ፣ ቆጥረን ደርሰንበታል፣ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ «ዘ»። በአማርኛ «ሦስተኛው» ስንል መጨረሻ ላይ የምትገባው «ው» ልክ የ«ዘ»ን ሥራ ትሠራለች። ይህን ዝምድና ከያዛችሁ ግማሹ መንገድ አለቀ፦ «ኛው» ካላችሁ «ዘ» በሉ።

የራሴ፣ የሱ፣ የነሱ የሚል ቃል ከገባ «ዘ» ይወጣል። «ማይ ፈርስት ጆብ» እንጂ «ዘ ማይ ፈርስት ጆብ» አይባልም። ሁለቱ አንድ ወንበር ላይ አይቀመጡም።

ቁጥር ከቁጥር ጋር ሲጋጠም የተራው ይቀድማል፦ «ዘ ፈርስት ቱ ቻፕተርስ»። «የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች» ከምንለው ጋር ቅደም ተከተሉ አንድ ነው። እዚህ አማርኛችሁን እመኑት።

ቀጥሎ ያለው ላይ ግን አማርኛችሁን አትመኑት። «ኬ ቱ» በ8,611 ሜትር ከዓለም ሁለተኛው ከፍተኛ ተራራ ነው። «ከፍተኛ» የሚለው ቃል «ሃይ»ም «ሃየስት»ም ሊሆን ይችላል፤ እኛ አንለየውም። ስለዚህ ብዙ ሰው «ዘ ሰከንድ ሃይ ማውንተን» ይላል። ትክክሉ «ዘ ሰከንድ ሃየስት ማውንተን» ነው። ተራ ቁጥር ከቅጽል ጋር ሲገናኝ ቅጽሉ የመጨረሻውን ደረጃ መልበስ አለበት፦ «ዘ ሰርድ ላርጀስት»፣ «ዘ ፎርስ ሎንገስት»። እኔ ይህን ስህተት የማገኘው በጀማሪዎች ጽሑፍ ብቻ አይደለም። ዓመታት እንግሊዝኛ የጻፉ ሰዎች ሪፖርት ውስጥም ቁጭ ብሎ አገኘዋለሁ።

የዚህ አማራጭ ሌላ ውበት «ቱ»ን ማስከተሉ ነው፣ ሁለት ማለት የሆነውን ሳይሆን ከግስ በፊት የሚገባውን። ኒል አርምስትሮንግ በ1969 ጨረቃን የረገጠ የመጀመሪያው ሰው ነው፦ «ዘ ፈርስት ፐርሰን ቱ ዎክ ኦን ዘ ሙን»። ቫለንቲና ቴሬሽኮቫ በ1963 ጠፈር የደረሰች የመጀመሪያዋ ሴት ናት፦ «ዘ ፈርስት ውማን ቱ ጎ ኢንቱ ስፔስ»። በአማርኛ «የረገጠ»፣ «የደረሰች» የሚለውን ስለለመድን «ሁ ዎክድ» ማለት ይቀናናል። እሱም ስህተት አይደለም። «ቱ» ያለበት ግን አጭርና የተለመደው ነው። «ፐርሰን» ወይም «ውማን» የሚለው ቃል ተዘልሎም ይሄዳል፦ «ሺ ዎዝ ዘ ፈርስት ቱ አራይቭ»፣ ቀድማ የደረሰችው እሷ ነበረች።

አማራጭ ሁለት፦ ስሙ ፊት፣ ባዶ ቁጥር ኋላ

«ቻፕተር ስሪ»፣ «ፔጅ ፎርቲ»፣ «ሩም ትዌልቭ»፣ «ጌት ፎር»። «ዘ» የለም፣ «ኛ» የለም። ቁጥሩ መለያ ስም ሆኗልና እንደ ስም ይጠራል። «ዘ ፔጅ ፎርቲ» ማለት የሰው ስም ላይ «ው» እንደመጨመር ነው።

ታዲያ «ቻፕተር ስሪ» እና «ዘ ሰርድ ቻፕተር» አንድ አይደሉም? ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ያደርሳሉ። የሚለያዩበትን ቦታ ልብ በሉ። መጽሐፉ መግቢያውን «ምዕራፍ ዜሮ» ብሎ ከጀመረ ሦስተኛው ምዕራፍ «ቻፕተር ቱ» ነው። እኔ ከመሃል ገጽ 40 ላይ ጀምሬ ካነበብኩ ሦስተኛው ያነበብኩት ገጽ «ፔጅ ፎርቲ ቱ» ነው። «ዘ ሰርድ ፔጅ» እኔ የቆጠርኩት ነው፤ «ፔጅ ስሪ» ማተሚያ ቤቱ የጻፈው። ጓደኛችሁ ዶክመንት እንዲከፍት በስልክ ስትመሩት ሁልጊዜ የታተመውን ቁጥር ጥሩ። አደናጋሪ ነገር አይኖርም።

ጦርነቶቹ ሁለቱንም ልብስ ይለብሳሉ። ከ1939 እስከ 1945 የተካሄደው «ዘ ሰከንድ ወርልድ ዎር» ይባላል፣ «ወርልድ ዎር ቱ»ም ይባላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ማደባለቁ ብቻ ነው ክልክሉ፦ «ዘ ወርልድ ዎር ሰከንድ» የሚባል ጦርነት አልነበረም።

የትምህርት ቤት ክፍል እዚህ ጋ መነሳት አለበት። «ሦስተኛ ክፍል ነው» ለማለት «ሂ ኢዝ ኢን ሰርድ ክላስ» ካላችሁ ሰሚው ልጁን በድሮ ባቡር ርካሽ ፉርጎ ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚያየው። «ፈርስት ክላስ» ደግሞ የአውሮፕላን ውድ ወንበር ነው። አሜሪካኖች «ሰርድ ግሬድ» ይላሉ፣ ያለ «ዘ»። «ግሬድ ስሪ»ም ይባላል። እንግሊዝ አገር «ይር ስሪ» ነው። በነሱና በአሜሪካኖቹ መካከል የአንድ ዓመት ልዩነት ስላለ ግን ቁጥሩ ስለተመሳሰለ ብቻ ልጆቹ እኩያ አይሆኑም።

ጎዳናዎች ደግሞ አመለኞች ናቸው። የኒውዮርኩ «ፊፍስ አቬኑ» በተራ ቁጥር ይጠራል፣ ግን «ዘ» የለውም። ምክንያቱ ያው ነው፤ ስም ሆኗል። ስም ከሆነ አንቆጥረውም።

አማራጭ ሦስት፦ «ኤ ሰርድ»

ይህን ብዙ የአማርኛ ተናጋሪ ጨርሶ አይጠቀምበትም። ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ደስ የሚል ነገር ነው። «ኤ ሰከንድ ቻንስ» ማለት ሌላ ዕድል፣ ድጋሚ ዕድል ነው። «ኤ ሰከንድ ኦፒኒየን» አንድ ሐኪም ካየ በኋላ የሌላ ሐኪም አስተያየት ነው። «ኤ» ያለበት የተራ ቁጥር «ሌላ አንድ» የሚል ሽታ አለው።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። «ዘ ሰርድ ሌተር ኬም» ካልኩ ሦስት ደብዳቤ እንደሚመጣ ቀድሞ የታወቀ ነው፤ ሦስተኛው ደረሰ። «ኤ ሰርድ ሌተር ኬም» ካልኩ ግን ሁለት መጥተው ጨርሰናል ብለን ነበር፤ ይኸው ደግሞ ሌላ። በአንዲት ቃል ውስጥ መገረም አለ። በአማርኛ ይህን ለማለት «ደግሞ ሦስተኛ ደብዳቤ መጣ» እንላለን። «ደግሞ»ዋ ናት «ኤ» የሆነችው።

አሁን ወጥመዱ። «ኤ ሰርድ» ሲሶም ነው። «ኤ ሰርድ ስቱደንት» ሌላ ሦስተኛ ተማሪ ነው። «ኤ ሰርድ ኦፍ ዘ ስቱደንትስ» ደግሞ የተማሪዎቹ ሲሶ ነው። ልዩነቷ «ኦፍ» ናት። እኛ ሲሶ የሚል ራሱን የቻለ ቃል ስላለን አንምታታም። እንግሊዞች ግን ከሦስት ጀምሮ ክፍልፋዩን ከተራ ቁጥር ነው የሚበደሩት። ብዙ ሲሆን «ስ» ወይም «ዝ» ይጨመራል፦ «ቱ ሰርድዝ» ከሦስት ሁለት እጅ ነው። ግማሽና ሩብ የራሳቸው ቃል አላቸው፣ «ሃፍ» እና «ክዋርተር»። ስለዚህ ግማሽን «ኤ ሰከንድ» ማለት አይቻልም። «ኤ ሰከንድ» ለብቻው ከቆመ ሰው የሚሰማው የሰዓቷን ሰከንድ ነው።

ሰከንድ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የሰዓቷ ሰከንድና ሁለተኛ የሚለው «ሰከንድ» በአጋጣሚ የተመሳሰሉ ቃላት አይደሉም። በላቲን ሰዓትን አንድ ጊዜ ለ60 ሲከፍሉት ደቂቃ ወጣ። ያንን ለሁለተኛ ጊዜ ለ60 ሲከፍሉት የወጣችው «ሁለተኛዋ ትንሽ ክፋይ» ተባለች። «ሁለተኛ» የሚለው ብቻ ቀረና ሰከንድ ሆነ። ታሪኩ በዚህ አያበቃም። እንግሊዝኛ «ሰከንድ»ን ከፈረንሳይኛ ከመዋሱ በፊት ሁለተኛን የሚጠራው «አዘር» በሚለው ቃል ነበር፣ ዛሬ «ሌላ» በምንለው። ቅሪቱ እስከ ዛሬ አለ፦ «ኤቭሪ አዘር ደይ» አንድ ቀን እየዘለሉ ማለት ነው። በየሌላው ቀን ብላችሁ ከተረጎማችሁት ትስታላችሁ።

አማራጭ አራት፦ ባዶ «ፈርስት» እና ዘመዶቹ

ድርጊትን ስንገልጽ «ዘ» ይወድቃል። «ሺ ኬም ፈርስት» አንደኛ ወጣች። «ሂ ፊኒሽድ ሰርድ» ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ። ይህ ቀላል ነው። ከባዱ የ«መጀመሪያ» ቤተሰብ ነው። ከዚህ ጽሑፍ ሁሉንም ረስታችሁ አንድ ክፍል ብቻ ብትይዙ ይህንን ያዙ።

«ፈርስት» በዓረፍተ ነገር መግቢያ ላይ ሲቆም ቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ ይህን አድርግ፣ ቀጥሎ ያንን። «ፈርስትሊ» ያው ነው፣ ክራቫት አስሮ። በመደበኛ ጽሑፍ ውስጥ «ፈርስትሊ፣ ሰከንድሊ፣ ሰርድሊ» ያስኬዳል። ከዚያ በላይ መሄድ ግን ራስን ማሳቅ ነው፤ እኔ ከሦስት ካለፈ ነጥቦቹን በሌላ መንገድ እከፋፍላለሁ። «ፈርስት ኦፍ ኦል» ከሁሉ አስቀድሞ ነው። በንግግር ጥሩ ነው፣ በክርክርም ጠንከር ይላል።

«አት ፈርስት» ግን የተለየ ፍጡር ነው። መጀመሪያ ላይ እንዲህ ነበር፣ በኋላ ግን ተለወጠ ማለት ነው። «አት ፈርስት አይ ዲድንት ላይክ ሂም» ስል ሰሚው አሁን እንደምወደው ገብቶታል። እስቲ አሁን ይህን የደብዳቤ መግቢያ እዩት፦ «አት ፈርስት፣ አይ ዉድ ላይክ ቱ ሳንክ ዩ»። ጸሐፊው «በመጀመሪያ ላመሰግናችሁ እወዳለሁ» ማለቱ ነው። አንባቢው ግን የሚሰማው «መጀመሪያ ላይ ላመሰግናችሁ አስቤ ነበር...» የሚል ነገር ነው። ቀጥሎ «ግን ተውኩት» የሚለውን ይጠብቃል። ይህን መግቢያ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አትጠይቁኝ።

«ኢን ዘ ፈርስት ፕሌስ» ደግሞ የእኛ «ድሮውንም» ነው። «ድሮውንስ ማን ጠራህ?» ብላችሁ መቆጣት ስትፈልጉ «ሁ ኢንቫይትድ ዩ ኢን ዘ ፈርስት ፕሌስ?» በሉ። ለምስጋና አይሆንም።

«ጊዜ» ሲጨመር ሦስት መልክ ይመጣል። «ለመጀመሪያ ጊዜ» ቃል በቃል «ፎር ዘ ፈርስት ታይም» ነው። እዚህ «ለ» እና «ፎር» ተገጣጥመውልናል፤ «ኢን ዘ ፈርስት ታይም» የሚለውን እርሱት። «መጀመሪያ ያየኋት ዕለት» ለማለት ደግሞ «ፎር» አያስፈልግም፦ «ዘ ፈርስት ታይም አይ ሶው ኸር»። ሦስተኛው «ይህ ሁለተኛ ጊዜዬ ነው» የምንለው ነው። ሁለት ጊዜ ደውላችሁ ሰው አላነሳም እንበል። «ዚስ ኢዝ ዘ ሰከንድ ታይም አይ ሃቭ ኮልድ»። ድርጊቱ «ሃቭ» ይዞ ይመጣል። ታሪኩ ያለፈ ከሆነ «ኢት ዎዝ» ተብሎ «ሃቭ» ወደ «ሃድ» ይለወጣል። «አይ አም ኮሊንግ» ማለት በአማርኛ ስለሚያስኬድ እዚያም የሚያስኬድ ይመስላል፤ ፈተና ላይ ነጥብ ያስቆርጣል።

አማራጭ አምስት፦ አንድ ተጽፎ ሌላ የሚነበብ

ቀኖችና ነገሥታት የራሳቸው ሕግ አላቸው። ሁለተኛዋ ኤልሳቤጥ፣ ከ1952 እስከ 2022 የነገሠችው፣ በጽሑፍ ስሟና የሮማ ቁጥር ሁለት ብቻ ነው። ሲነበብ ግን «ኤሊዛቤስ ዘ ሰከንድ» ነው። «ዘ»ዋ አትጻፍም፣ ትባላለች። እኛ ዳግማዊን ከስም እናስቀድማለን፤ እነሱ ያስከትላሉ። የሮማ ቁጥር ባየን ቁጥር ግን «ዘ» እና «ኛ» ማለት የለብንም። የአሜሪካ እግር ኳስ ፍጻሜ «ሱፐር ቦውል»ም በሮማ ቁጥር ይጻፋል፣ የሚነበበው ግን በተራ ሳይሆን በመደበኛው ቁጥር ነው። ሰው ከሆነ «ዘ» በሉ፣ ዝግጅት ወይም ጦርነት ከሆነ ቁጥሩን ብቻ።

ቀን ላይ ደግሞ የሚጻፈው 3 ሜይ ወይም ሜይ 3 ነው። እንግሊዞች ሲያነቡት «ዘ ሰርድ ኦፍ ሜይ» ወይም «ሜይ ዘ ሰርድ»፣ አሜሪካኖች ብዙውን ጊዜ «ሜይ ሰርድ»። የአሜሪካው የዜና ወኪል አሶሺየትድ ፕሬስ በአጻጻፍ መመሪያው ከቀን ቁጥር ኋላ የተራ ፊደላትን አትለጥፉ ይላል። ወሩ ሲቀር ግን የተራው ቁጥር ይመለሳል፦ «ኦን ዘ ሰርድ»፣ በሦስት። አሜሪካኖች የነፃነት ቀናቸውን «ዘ ፎርስ ኦፍ ጁላይ» ማለታቸው ከራሳቸው ልማድ የወጣ ነው፤ በዓል ስለሆነ ስም ሆኗል።

ለሥራ ስትጽፉ ቀንን በቁጥር ብቻ አትጻፉ። 03/05 ለእንግሊዙ ሜይ 3 ነው፣ ለአሜሪካኑ ማርች 5። የወሩን ስም በፊደል መጻፍ ሁለት ሰከንድ ይፈጃል።

ፎቅም እንዲሁ ነው። ለእንግሊዝ «ፈርስት ፍሎር» ከምድር ቤቱ አንድ ከፍ ያለው ነው። ለአሜሪካ ደግሞ ራሱ መግቢያው ነው። እኔ በዚህ ምክንያት አንድ ስብሰባ ላይ አሥር ደቂቃ አርፍጃለሁ። ከዚያ ወዲህ «ደረጃ መውጣት አለብኝ?» ብዬ እጠይቃለሁ።

እንግሊዝኛ የሌለው ቃል፦ ስንተኛ

አንድ ጊዜ ለእንግዶች ሳስተረጉም አንዲት እናት ወደ እንግዳዋ ዞር ብለው የያዘችውን ሕፃን እያዩ «ስንተኛሽ ነው?» አሉ። አፌን ከፈትኩ። «ሀው ሜኒ...» አልኩና ቆምኩ። ቀጣዩ ቃል የለም። ጀርመንኛ «ቪፊልተ» የሚል ቃል አለው። እንግሊዝኛ ግን «ስንት»ን «ስንተኛ» የሚያደርግ መለጠፊያ የለውም። በቀልድ «ሀው ሜኒስ» የሚሉ አሉ፤ ደብዳቤ ላይ አይጻፍም።

ያሉት ማምለጫዎች እነዚህ ናቸው። ለልጅ የሚበጀው መገመት ነው፦ «ኢዝ ሂ ዩር ፈርስት?» የሕፃኑ እናት «ኖ፣ ማይ ሰርድ» ብላ ራሷ ታርመናለች። እኔም ያን ቀን በዚህ ነው ያመለጥኩት። ለውድድር «ዌር ዲድ ሺ ፊኒሽ?» ይባላል፤ ቃል በቃል የት ጨረሰች ነው፣ መልሱ ግን «ሰከንድ» ይመጣል። ለፎቅና ለክፍል «ዋት ፍሎር»፣ «ዋት ግሬድ» በቂ ነው። «ሊንከን ስንተኛው ፕሬዚዳንት ነበር?» ለማለት «ዊች ፕሬዚደንት ዎዝ ሊንከን?» ማለት ይቻላል፤ ሰሚው ግን ምን እንደተጠየቀ ሊጠራጠር ይችላል። በንግግር «ዋት ነምበር ፕሬዚደንት» ብትሉ ጉዳዩ ግልጽ ነው፣ መልሱም 16ኛ ነው። በጽሑፍ ከሆነ የእኔ ምርጫ ጥያቄውን መገልበጥ ነው፦ ከሊንከን በፊት ስንት ፕሬዚዳንቶች ነበሩ? አሥራ አምስት። አንድ መደመር ለማንም አይከብድም።

ስለ ሆሄያት፣ ቶሎ እንለፍ

መጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከቁጥራቸው ጋር አይመሳሰሉም። «ፈርስት» የመጣው ከ«ዋን» ሳይሆን ፊት ከሚል ሥር ነው፤ የእኛ «ፊተኛ» ከፊት እንደመጣ። ከዚያ በኋላ የሚያስቸግሩት አራት ናቸው። ስምንተኛ ውስጥ «ቲ» አንድ ብቻ ናት። ዘጠነኛ መጨረሻዋን «ኢ» ትጥላለች። አምስተኛና አሥራ ሁለተኛ ላይ «ቪ» ወደ «ኤፍ» ይዞራል። በ«ዋይ» የሚጨርሱት እንደ ሃያ ያሉት «ዋይ»ን ጥለው «አይ» እና «ኢ» ያስገባሉ።

በቁጥር ሲጻፍ የሚለጠፉት ሁለት ፊደላት የቃሉ መጨረሻዎች ናቸው። 21 እንደ «ፈርስት» በ«ኤስ ቲ» ይጨርሳል። 11፣ 12 እና 13 ግን «ቲ ኤች» ነው የሚይዙት። 111ም እንዲሁ። ክፍለ ዘመን ላይ ደግሞ 19ኛው ከ1801 እስከ 1900 መሆኑን አትርሱ።

በአንድ እይታ

| የምትፈልጉት | የምትመርጡት | ምሳሌ | ጥንቃቄ |
|---|---|---|---|
| ቆጥራችሁ የደረሳችሁበት አንድ ነገር | «ዘ» + ተራ ቁጥር + ስም | «ዘ ሰርድ ክዌስችን» | «ማይ» ካለ «ዘ» ይወጣል |
| ሁለተኛው ትልቁ | «ዘ» + ተራ ቁጥር + የመጨረሻ ደረጃ ቅጽል | «ዘ ሰከንድ ሃየስት» | «ሰከንድ ሃይ» አይባልም |
| የተለጠፈ መለያ | ስም + ባዶ ቁጥር | «ፔጅ ስሪ» | «ዘ» አያስፈልግም |
| ሌላ ተጨማሪ | «ኤ» + ተራ ቁጥር + ስም | «ኤ ሰከንድ ቻንስ» | «ኦፍ» ከገባ ክፍልፋይ ይሆናል |
| የውድድር ውጤት | ባዶ ተራ ቁጥር | «ሺ ኬም ፈርስት» | «ዘ» አይገባም |
| በመጀመሪያ፣ ቀጥሎ | «ፈርስት»፣ «ፈርስትሊ» | «ፈርስት፣ ኦፕን ዘ ፋይል» | «አት ፈርስት» አይሆንም |
| መጀመሪያ ላይ፣ በኋላ ግን | «አት ፈርስት» | «አት ፈርስት ኢት ዎዝ ሃርድ» | ለውጥ ከሌለ አይገባም |
| ንጉሥ ወይም ንግሥት | ስም + «ዘ» + ተራ ቁጥር | «ኤሊዛቤስ ዘ ሰከንድ» | «ዘ» ይባላል፣ አይጻፍም |
| ስንተኛ | የሚመች ማምለጫ | «ኢዝ ሂ ዩር ፈርስት?» | ቀጥተኛ ቃል የለም |

ለማን የቱ?

አሥር ደቂቃ ብቻ ያለው ሰው አማራጭ አንድና ሁለትን ይያዝ። «እየቆጠርኩ ነው ወይስ እየጠራሁ?» የሚለውን ጥያቄ ብቻ እየጠየቀ ብዙውን ይወጣዋል።

ፈተና ያለበት ተማሪ ጊዜውን ሆሄያት ላይ ባያባክን ይሻለዋል። ሁለት ቦታ ላይ ያተኩር፦ «ዘ ሰከንድ ሃየስት» እና «ዚስ ኢዝ ዘ ፈርስት ታይም አይ ሃቭ»። ፈታኞች ሁለቱንም ይወዷቸዋል። ጊዜ ከተረፈው «ዘ ፈርስት ቱ ቻፕተርስ» የሚለውን ቅደም ተከተል ይጨምር።

በንግግር ለሚጠቀም፣ በተለይ ለሚያስተረጉም ሰው፣ «ስንተኛ»ን ቀድሞ መለማመድ ግድ ነው። ያቺ ጥያቄ ድንገት ነው የምትመጣው። ለልጅ፣ ለውድድርና ለፎቅ አንዳንድ ማምለጫ አፉ ላይ ካዘጋጀ አይደናገጥም።

የቋንቋ ጣዕም የሚፈልግ፣ ታሪክ የሚጽፍ ወይም የሚተርክ፣ «ኤ ሰርድ» ላይ ይቆይ። በ«ዘ» ፋንታ አንድ «ኤ» አስገብቶ የሚያመጣውን መገረም ይሞክረው።

በሥራ ኢሜይል የሚጽፍ ሰው ደግሞ ከቀኑ አጻጻፍ ቀጥሎ የ«መጀመሪያ»ን ቤተሰብ ይፈትሽ። ቀላሉ መንገድ የላካችኋቸውን የቆዩ ኢሜይሎች ከፍቶ «አት ፈርስት» የሚለውን መፈለግ ነው። እኔ ስፈልግ ሰባት አገኘሁ። ትክክል የነበሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው።